ቲቸር ኡጁሉና ዝጉ መንገድ

የቀብሩ ዕለት ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ እኔ የጻፍኩትን የሕይወት ታሪክ ሲያነቡ ቆዩና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ዶክተር የሚለው የት አለ?» አሉኝ።

«የለም» አልኳቸው።

«እንዴት የለም? ያን ሁሉ ዓመት ዶክትሬት ሲማር አልነበር እንዴ?»

«ሲማር ነበር። አልተቀበለም።»

«ወድቆ ነው?»

«አይደለም። ትቶት ነው።»

ሽማግሌው የማላግጥ መስሏቸው ትንሽ አዩኝ። ሕዝቡ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ በሙቀት እየነደደ ስለነበር ክርክሩን ትተው ወረቀቱን አጠፉት። ከመዝሙሩ በኋላ ታሪኩ ተነበበ፤ ተወለደ፣ ተማረ፣ አስተማረ፣ ታመመ፣ አረፈ። የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ሲነበብ ስሰማው ግን ተናደድኩ። ስለማላውቀው ሰው የሚወራ መሰለኝ። እኔ የማውቀው ኡጁሉ እዚያ ወረቀት ላይ አልነበረም። ስለዚህ እዚህ እንደገና ልሞክረው።

ቲቸር ኡጁሉ ሂሳብ ያስተምር ነበር። እኔ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። ከደጋ መጥቼ ጋምቤላ የተመደብኩ ሰሞን ከእሱ ጋር አንድ ቢሮ ሰጡን፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ያለበት። ማራገቢያው ወደ እኔ፣ ሰሌዳው ወደ እሱ ሆነ፤ ይህ ክፍፍል ለዓመታት አልተቀየረም። ስሜን የጠራበትን ቀን አላስታውስም። «አንተ ግምት» ነበር የሚለኝ።

«አንተ ግምት፣ ዛሬ ይዘንባል?»

«ሳይዘንብ አይቀርም።»

«ይሄ መልስ አይደለም። ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?»

እንዲህ ተጀምሮ እስከ ምሳ ሰዓት እንነታረካለን። ከሰዓት ደግሞ በሌላ ነገር እንቀጥላለን።

ረጅምና ቀጭን ነበር፤ ሸሚዙ ሁሌም ትከሻው ላይ በጠመኔ ነጥቷል። ሲያስብ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ይሰካና ወዲያው «ጠመኔ ማን ወሰደ?» እያለ መሳቢያ ሁሉ ይበረብራል። እቤቱ አኙዋክኛ ይናገራል፤ አማርኛውን ያገኘው ከትምህርት ቤትና ከገበያ ነው። በዚያ አማርኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም። የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንትም፣ የጥበቃውን ሠራተኛም፣ እኔንም እኩል «አንተ» ይለናል። አንድ አዲስ የመጣ ዲን በዚህ ተቆጥቶ «እንደ ሰው አናግረኝ» ቢለው፣ ኡጁሉ ከልቡ ግራ ተጋብቶ፣ «ስንት ሰው ነህ አንተ?» አለው። ዲኑ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እኔም እዚህ «እሱ» እያልኩ የምጽፈው አክብሮት አንሶኝ አይደለም፤ አንቱ ያለውን ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲያሾፍበት ስለሚውል ነው።

በዚህ አገር ሰው ሳይጠነቀቅ የሚናገረው ቃል «አይቻልም» ነው ይል ነበር። ለማንኛውም «አይቻልም» መልሱ አንድ ነው፦ «ፕሩፉ የታለ?» ማረጋገጫው የታለ ማለቱ ነው። በቁጣ አይጠይቅም፤ የሰው ጤንነት እንደሚጠይቅ ነው የሚጠይቀው። አንድ ጊዜ ለስብሰባ አዲስ አበባ ልንሄድ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጠን፣ «ዛሬ መብረር አይቻልም» ተባለ። መንገደኛው ሁሉ ተነስቶ ይጮህ ጀመር። ኡጁሉ ወደ ሠራተኛዋ ሄዶ በትሕትና «ፕሩፉ የታለ?» አላት። ልጅቷ ሳቅ አለችና ወደ መስኮቱ ወስዳ ሰማዩን አሳየችው። ከሜዳው ማዶ ሰማይና ምድር በዝናብ ተደባልቀዋል። «ትክክል ነሽ፣ አመሰግናለሁ» አላትና ተመልሶ ወንበሩ ላይ ሥራውን ቀጠለ። ሌላው ሰው እስኪመሽ ሲጨቃጨቅ ዋለ፤ እኔም ጭምር።

ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ስለ ስሌት ድካም ነበር። አንድ ጥያቄ መልስ አለው ወይ ብቻ ሳይሆን፣ መልሱን ለማግኘት ስንት መደመርና ስንት ማባዛት ይፈጃል፣ ጥያቄው ትንሽ ሲያድግ ድካሙ በምን ያህል ያድጋል የሚለውን። መጽሐፎቹ ይህን የሚለኩበት የራሳቸው ምልክት አላቸው። ኡጁሉ ግን የጋምቤላ መለኪያ ነበረው፦ «በአንድ መብራት ያልቃል?» መብራት መጥቶ እስኪሄድ ባለው ጊዜ ኮምፒዩተሩ ካልጨረሰው፣ ያ ስሌት ለእሱ ስሌት አይደለም።

አንድ ተማሪ የሃያ በሃያ ማትሪክስ፣ የቁጥር ሠንጠረዥ ማለት ነው፣ ዲተርሚናንት የሚባለውን እንዲያሰላ ታዞ፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ትርጉም እንዳለ ወደ ፕሮግራም ገለበጠው። አስነሳው፤ መብራት ሄደ። እንደገና አስነሳው፤ ሄደ። ሳምንቱን እንዲህ ገፍቶ በመጨረሻ እየተራገመ ቢሯችን ገባ።

«ቲቸር፣ በዚህ መብራት መማር አይቻልም።»

ኡጁሉ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሰማ ፊቱ ይበራል። «መብራቱ ባይጠፋ መቼ ያልቃል?»

«አላውቅም።»

«ቁጠረዋ። እዚህ ቁጭ በል።»

ልጁ ቁጭ ብሎ ማባዛቶቹን መቁጠር ጀመረ። ቆየና ብዕሩን አስቀመጠ።

«እሺ፣ መቼ?»

«ቲቸር፣ ጡረታ ብወጣም አያልቅም።»

«እንግዲያው መብራቱን አትስደብ። መንገድህን ስደብ።»

ከዚያ ረድፍን ከረድፍ እየቀነሱ፣ ከታች ያሉትን ቁጥሮች ዜሮ እያደረጉ የሚሄዱበትን መንገድ አሳየው። ማትሪክሱ ያው፣ ኮምፒዩተሩም ያው፤ ልጁ ጣቱን ከቁልፉ ሳያነሳ መልሱ ወጣ። የልጁን ፊት አልረሳውም። ሳምንቱን ሙሉ ሰው የዘረፈው ይመስል ነበር።

ፖሊኖሚያል ሲያስተምርም እንዲሁ ነው። «ከውጭ ከጀመርክ እያንዳንዱን ፓወር ለየብቻ ስታባዛ ትውላለህ። ከውስጥ ጀምር፤ አንዴ እያባዛህ፣ አንዴ እየደመርክ ውጣ» ይል ነበር። ይህን ምክር ለሁሉም ነገር ያውለው ነበር። የሠፈሩ ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ቀን «ከውስጥ ጀምሩ» ብሏቸው፣ ሁለቱም እስከ ዛሬ ምን ማለቱ እንደሆነ ይከራከራሉ ይባላል።

ሐሳቡን ሁሉ የያዘው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሂሳብ የማይወድ ሰውም ሊከተለው ይችላልና ልናገረው። በቁጥር የተሞላ ሠንጠረዥ አለህ። ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ፣ ከእያንዳንዱ ዓምድም አንድ ቁጥር ብቻ እንዲሆን አድርገህ ትመርጥና ታባዛቸዋለህ። ይህን በሚቻለው አመራረጥ ሁሉ ታደርገዋለህ። ውጤቶቹን ግማሹን እየደመርክ ግማሹን እየቀነስክ ከሰበሰብክ ዲተርሚናንት ይባላል፤ ለዚያ ልጅ እንዳሳየው ዓይነት አቋራጭ አለው። አሁን መቀነሱን ተወውና ሁሉንም ደምር። ይኼኛው ፐርማነንት ይባላል። መደመር ብቻ ስለሆነ የቀለለ ይመስላል፤ ግን አቋራጭ አልተገኘለትም። ለትልቅ ሠንጠረዥ በቶሎ የሚሰላበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። መንገድ ሊኖር እንደማይችል ያረጋገጠም የለም።

«አየህ አንተ ግምት፣ ማይነሱን ስትወስድበት ነው የከበደው» አለኝ አንድ ቀን። «መቀነስ ሲኖር አንዱ አንዱን ያጠፋል፤ ሥራ ይቀልልሃል። ሁሉም ፕላስ ሲሆን ማንም አይጠፋም። ሁሉንም መሸከም አለብህ።»

በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን ለአዲስ ተማሪዎች አንድ ሥራ ይሰጣል። ሁለት በሁለት በሆነ ሠንጠረዥ ላይ ከአንዱ ቁጥር ፊት ማይነስ ብታስቀምጥ፣ ዲተርሚናንቱ ራሱ ፐርማነንቱን ይሰጥሃል፤ ይህን ያሳያቸዋል። «በሉ፣ በሦስት በሦስቱ ላይ ማይነሶቹን የት የት እንደምናስቀምጥ ፈልጋችሁ ኑ» ይላቸውና ይወጣል። እንደማይቻል ያውቃል። እነሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይደክማሉ፤ በየካፌው ወረቀት ይቀዳድዳሉ። አንዳንዱ ተሰላችቶ «ቲቸር፣ አይቻልም» ሲል የሚጠብቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። ጭካኔ ይመስለኝ ነበር።

ኛዳክ የተማረች ዓመት ግን በማግስቱ እጇን አወጣች። ኛዳክ ኑዌር ናት፤ ከዘመዶቿ ግማሹ ከድንበር ማዶ ደቡብ ሱዳን ነው ያሉት፣ እሷ ግን እዚሁ ክልል፣ ፑኝዶ አድጋ ነው የመጣችው። ሰው ካልጠየቃት የማትናገር፣ ሁሌ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ሰሌዳው ላይ ወጥታ በጥቂት መስመር ጨረሰችው። ዘጠኙ ምልክቶች አብረው ሲባዙ፣ በአንድ በኩል ብታሰላው ፕላስ መሆን አለባቸው፣ በሌላ በኩል ብታሰላው ማይነስ። ሁለቱንም ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ አይቻልም።

ኡጁሉ ረጅም ጊዜ ሰሌዳውን አየ። ከዚያ ወደ ቢሮ መጥቶ ወንበሩ ላይ ወደቀና «መጣች» አለኝ። «ማን?» ብለው «እኔ እንጃ ስሟን፣ ግን መጣች» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቢሯችን ለሦስት ሰው ሆነ። ከተማው ደፍርሶ የነበረበት ጊዜ ስለሆነ አንድ የአኙዋክ አስተማሪና አንዲት የኑዌር ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያየ ሰው ዞር ብሎ ያያቸው ነበር። እነሱ አያዩትም። ከሠንጠረዥ ሌላ የሚታያቸው ነገር አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ኡጁሉ የዶክትሬት ጽሑፉን ሊያስገባ ተቃርቦ ነበር። የራሱ መንገድ ነበረው። ትልቁን ሠንጠረዥ ይቆራርጠዋል፤ ቁራጮቹን እንደ ልብስ በማይነስ እየሰፋ ወደ ሌላ፣ ትንሽ ሰፋ ወዳለ ሠንጠረዥ ይለውጣቸዋል። ከዚያ የአዲሱ ዲተርሚናንት የድሮውን ፐርማነንት ይሰጣል። ለሁሉም ሠንጠረዥ አይደለም፤ ለአንድ ሰፊ የሠንጠረዥ ዓይነት ብቻ። ያም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያለው አማካሪው ተስማምቶበታል፤ ታላቅ እህቱ እትዬ አሪየትም ለምርቃቱ የሚለብሱትን ልብስ አሰፍተዋል። ባሮ ዳር ዓሣ እየሸጡ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። «ዶክተር ሲሉት ልስማ እንጂ ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ያውቃል» ይሉ ነበር።

ኡጁሉ ለኛዳክ መንገዱን በኮምፒዩተር እንድትፈትነው ሰጣት። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እሱ ክፍል በገባበት ሰዓት ወደ እኔ መጣች። በር ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ የቲቸር ኡጁሉ መንገድ ስህተት አለው።»

«ፕሮግራምሽ ይሆናል የተሳሳተው።»

«በእጄም ሠራሁት። አንድ ሠንጠረዥ አለ፣ እሱ ላይ መልሱ ሌላ ይመጣል።»

«ታዲያ ንገሪው።»

«እፈራለሁ። እንደ አባቴ ነው።»

«ከሌላ ሰው ከሰማው ነው የሚቀየምሽ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ሲመጣ ነገረችው። ጠመኔ አነሳና ሠንጠረዡን ሰሌዳው ላይ ጽፎ በእጁ ማስላት ጀመረ። መብራት አልነበረም፤ ማራገቢያው ቆሞ ክፍሉ እንደ ምድጃ ሆኗል። ላቡ ሸሚዙን አልፎ እስኪንጠባጠብ ሠራ። ሲጨርስ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ጽፎ አያቸው። አይገጥሙም። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«መቼ አገኘሽው?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው። ለምን ቆየሽ?»

«ፈርቼ።»

«ሁለተኛ እንዳትፈሪ። ስህተቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይሠራ በላ!» አላትና እጁን ሊታጠብ ወጣ። ስንት ዓመት የደከመበት ነገር ከፈረሰ ሩብ ሰዓት አልሞላውም። ተመልሶ ሲመጣ የጠየቃት ጥያቄ፣ ይህ የተበላሸው እሱ ስለደከመው ነው ወይስ መንገዱ ራሱ ዝግ ሆኖ ነው የሚል ነበር። ዝግ ከሆነ፣ ያ መረጋገጥ አለበት አለ። «ካልሆነ ሌላ ሞኝ ደግሞ ዕድሜውን ይጨርስበታል።»

አማካሪው በስልክ የተናገረውን ሰምቻለሁ፤ ምክንያታዊ ሰው ነው። መንገዱ በትክክል የሚሠራባቸውን ሠንጠረዦች ብቻ አስቀርቶ እንዲያስገባ፣ ያም ለዶክትሬት እንደሚበቃ ነገረው። እኔም ይህንኑ አልኩት። «እሺ፣ ሁለቱንም እሠራለሁ» አለ። ሠራም። ቀን ቀን ጽሑፉን ያሳጥራል፣ ከሰዓት ከኛዳክ ጋር ዝጉን መንገድ ይቆፍራል።

ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። መክሳቱን ከሙቀቱ ቆጥረነው ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ ተመረመረና ተመለሰ። በተመለሰበት ጠዋት ቢሮ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ምን አሉህ?»

«ማዳን አይቻልም አለኝ።»

«ታዲያ አንተስ?»

«ፕሩፉ የታለ አልኩታ። ስክሪኑን አዙሮ ጉበቴን አሳየኝ። በሽታው የት የት እንደደረሰ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ጥሩ ሐኪም ነው። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ትክክል ነው።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ያለ ምንም እፍረት፣ በሩ ክፍት እንደሆነ አለቀስኩ። ትንሽ ታገሰኝና፣ «አንተ ግምት፣ ዛሬ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዙረው» አለኝ።

አዞርኩለት። ወረቀት አወጣና የቀረውን ሥራ መቁጠር ጀመረ። ለዶክትሬቱ የሚቀረውን በአንድ በኩል ጻፈ፤ ማስተካከያ፣ ፊርማ፣ ገምጋሚ፣ ምልልስ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ፈታኞች ፊት መቆም። በሌላ በኩል ለፕሩፉ የሚቀረውን ጻፈ። ሐኪሙ የሰጠውን ጊዜ ከታች አስቀመጠ። ሁለቱ አብረው አይገቡም። አንዱ ግን ይገባል፤ ያውም ምንም ካልባከነ።

«ዶክትሬቱን ያዝ» አልኩት። «ለእህትህ ስትል ያዝ። ፕሩፉን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል።»

«ማን?»

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«በእኔ መንገድ የገባሁት እኔ ነኝ። የት የት እንደሚታጠፍ የማውቀው እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። እኔ ብቻ ነኝ በዚህ ጊዜ ልጨርሰው የምችለው። ቁጠረው እስኪ፣ ተሳስቼ ከሆነ።»

ቆጠርኩት። አልተሳሳተም።

እትዬ አሪየት ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። በአኙዋክኛ የተናገሩት አልገባኝም፤ ግን ልብሱን ከሳጥን አውጥተው ፊቱ ሲያስቀምጡ ያልገባኝ ነገር አልነበረም። እሱ ልብሱን በእጁ ዳሰሰና «ቆንጆ ነው» አለ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው ብሎ ይመስለኛል። ሐሳቡን ግን አልቀየረም። እሳቸው ሳምንት ሙሉ ሳያናግሩት ምግቡን ብቻ እያስቀመጡ ይሄዱ ነበር።

መራመድ ሲያቅተው ሰሌዳውን ከቢሮ ነቅዬ በባጃጅ ጭኜ ቤቱ ወሰድኩለት። የባጃጁ ሾፌር ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቶ እያየ «ይሄ አይገባም» ሲለኝ ምን እንዳልኩት መገመት ትችላላችሁ። ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር አቆምነው፤ አልጋውንም እዚያው አወጣንለት። ኡጁሉ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ይናገራል፣ ኛዳክ ትጽፋለች። መናገር ሲደክመው ጣቱን ያነሳል፤ እሷ ትጠብቃለች። አታጽናናውም፣ እሱም አይጠይቃትም። አንዳንዴ «ይሄ እሺ አይደለም፣ አጥፊው» ይላታል፤ አንዳንዴ እሷ «ቲቸር፣ ይሄ እሺ አይደለም» ትለዋለች። ጠያቂዎች መጥተው በለሆሳስ ሲጸልዩ እነሱ በሌላኛው በኩል ስለ ረድፍና ዓምድ ይጨቃጨቃሉ። ፓስተሩ አንድ ጊዜ ጸሎቱን አቋርጠው «ይህች ልጅ አታስጨንቀው» አሉ። «ተዋት፣ እኔ ነኝ የማስጨንቃት» አላቸው ከአልጋው ላይ።

ማክሰኞ ዕለት የመጨረሻውን ቁራጭ ተናገረ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈለገው ይህ ነበር፦ በዚያ መንገድ፣ ሠንጠረዡን እየቆራረጡ በማይነስ በመስፋት፣ ማንም ሰው በምንም ጥበብ ቢሄድ አዲሱ ሠንጠረዥ በማንም ኮምፒዩተር እስከማይሰላ ድረስ ሳያብጥ መድረስ አይችልም። ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላል፤ ይህኛው ግን ዝግ ነው። ተናግሮ ሲጨርስ ትራሱ ላይ ወደቀ።

«አሁን አፍርሺው» አላት፤ ስህተት ፈልጊበት ማለቱ ነው።

ኛዳክ በማግስቱ ጠዋት መጥታ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። በዚያን ቀን ኡጁሉ በጣም ደክሞ ነበር፤ ዓይኑን ገልጦ ወደ እሷ ያያል፣ መልሶ ይከድናል። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ አሪየት ከዚያ ቁጣቸው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰሌዳው ቀርበው ክንዷን ያዟት።

«ልጄ፣ ልክ ነው በይው። ይስማና ይረፍ።»

«ገና አልጨረስኩም፣ እማማ።»

«ትጨርሻለሽ። አሁን ግን በይው።»

እኔም ቀረብኩ። የእኔ ሙያ እርግጠኛ ሳይሆኑ መናገር ነው፤ ልክ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፣ ምን ችግር አለው አልኳት። ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት፣ እንዳይሰማ።

ኛዳክ ወደ አልጋው አየች። «ሳልጨርስ ብነግረው ያውቃል» አለችን። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችን።

ፀሐይዋ የማንጎውን ጥላ ከሰሌዳው ላይ አንስታ ወደ አጥሩ ወሰደችው። እሷ ከሰሌዳው ሳትለይ ፀሐይ ላይ ቆማ ሠራች። አንድ ቦታ ላይ ደርሳ እጇ ቆመ። ወደ ላይ ተመለሰች፣ እንደገና ወረደች፣ እዚያው ቦታ ላይ ደግማ ቆመች። እትዬ አሪየት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያ ሁሉ ነገር የተተወው በከንቱ ሊሆን ነው ብዬ በዚያች ሰዓት በልጅቷም፣ በኡጁሉም፣ በሂሳብም ተናደድኩ። እሷ ጥግ ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ ጻፈች፣ አሰላች፣ አጠፋች፣ ሌላ ጻፈች። ከዚያ መውረዷን ቀጠለች።

ጥላው አጥሩን ሲሻገር ጠመኔውን አስቀምጣ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«ቲቸር።»

ዓይኑን ገለጠ።

«ትክክል ነው።»

ደስ ያለው አይመስልም። ፊቷን ነበር የሚመረምረው።

«የት ላይ ተጠራጠርሽ?»

«ቁራጮቹ ሲሰፉ፣ ሁለቱ አንድ ዓምድ የሚጋሩበት ቦታ ላይ። በመጋራት የሚተርፈው ከቆጠርነው ሊበልጥ ይችላል ብዬ ፈራሁ። በትንንሽ ሠንጠረዥ ሞከርኩት፣ ከዚያ ለሁሉም አረጋገጥኩት። አይበልጥም።»

ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። እሱም አንድ ሳምንት እዚያ ቦታ ላይ ተቀምጦ እንደነበር ነገራት፤ ድምፁ ከመድከሙ የተነሳ ጆሮዋን አስጠግታ ነው የሰማችው። ከዚያ እንድናስቀምጠው ጠየቀን። እኔና እህቱ ደግፈን አስቀመጥነው። ቀኝ እጁን ዘረጋላት፤ ሲዘረጋም ግራ እጁን አንስቶ ቀኝ ክርኑን ያዘ፣ ታናሽ ለታላቅ እጅ እንደሚነሳው። ሹምም ሆነ ፕሮፌሰር ሲጨብጥ እንዲያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ራሱንም ዝቅ አደረገ።

ኛዳክ እጁን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። እኔና እትዬ አሪየት ከግራና ከቀኝ እንደደገፍነው ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን።

«ኋላ ታለቅሻለሽ» አላት። «መጀመሪያ በንጹሕ ጻፊው፣ መብራት ሳለ።»

እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ተነሳችና ወረቀት ልታመጣ ወደ ቤት ገባች።